ተሳቢ፣ አጠናና 16.7 ሜትር

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥቶ ዓለም ገና የደረሰ የጭነት መኪና ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ቀጥ ካለ ተፍኪን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፎ ወልቂጤ ይገባል። ወደ ደቡብ ከታጠፈ ደግሞ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ተሻግሮ፣ በጢያ፣ በቡኢና በኬላ አድርጎ ቡታጅራ ይደርሳል። ወልቂጤ ከመዲናዋ 155 ኪሎ ሜትር፣ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ከ2015ቱ የክልል አደረጃጀት ወዲህ አንዷ የጉራጌ ዞን፣ ሌላዋ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው ግን ዋና ጎዳናቸው አገር አቋራጩ መንገድ ራሱ መሆኑ ነው። ሱቁ፣ ምግብ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ የባጃጅ ተራው፣ የጋሪው መቆሚያ፣ ሁሉም የተደረደረው በዚያው አስፋልት ግራና ቀኝ ነው።

ተሽከርካሪ ሌላ ተሽከርካሪ ሲጎትት ስንት ሜትር ሊረዝም፣ ስንት ሊሰፋ፣ ምን ያህል ከፍ ሊል ይገባል የሚለው ጥያቄ የቢሮ ጥያቄ ይመስላል። እነዚህ ከተሞች ውስጥ ግን መልሱ በየቀኑ መንገድ ላይ ይታያል። ከጅማ በኩል የመጣ ባለ ተሳቢ የነዳጅ ማደያ ውስጥ ሊገባ ሲል ትራፊኩ ቀጥ ይላል። ረዳቱ ከጋቢናው ዘሎ ይወርድና ከኋላ ይቆማል፤ አንድ እጁን ከፍ አድርጎ "ና፣ ና፣ ና" ይላል፤ ስፖንዳውን በመዳፉ ጠፍ ሲያደርገው "በቃ" ማለቱ ነው። ሾፌሩ መሪውን መጀመሪያ መሄድ ወደማይፈልግበት አቅጣጫ ይለጥጠዋል። ባጃጁ ክፍት ቦታ ያገኘ መስሎት በቀኝ በኩል ሽው ሊል ሲሞክር ረዳቱ ይጮህበታል። ያ ክፍት ቦታ የተሳቢው የኋላ ጎማ ሊረግጠው ያለ ቦታ ነው።

ረጅም ተሽከርካሪ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር የሚቆርጠውም ይጨምራል። ለዚህ ነው ሾፌሩ ወደ ቀኝ ለመግባት መጀመሪያ ወደ ግራ የሚወጣው። ከኋላው የቆመ ሰው ይህን ካላወቀ "ይሄ ሰውዬ ሰክሯል እንዴ?" ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በጋቢናው ጀርባ ላይ የሚጫነው ግማሽ ተሳቢ፣ ሾፌሮቹ ሴሚ የሚሉት፣ አንድ እጥፋት ብቻ ነው ያለው። መሪውን ወደ ግራ ስታዞር ጭራው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ይህን ትለምደዋለህ። ሙሉ ተሳቢ ግን ሁለት እጥፋት አለው። አንዱ መኪናው መጎተቻውን የያዘበት ነው። ሁለተኛው የተሳቢው የፊት ጎማዎች የሚዞሩበት ሰሃን ነው። የመጀመሪያው የገለበጠውን ሁለተኛው መልሶ ይገለብጠዋል። ሃያ ሜትር የሚጠጋ ነገር ሁለት ቦታ እየታጠፈ በጠባብ ግቢ ወደ ኋላ የሚያስገባ ሾፌር ካያችሁ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ፤ ሞያ ነው።

ይህን ሞያ ሕጉም ያውቀዋል። ደረቅ ጭነት የሚያመላልስ ሰው ተሳቢ ለመጎተት ደረቅ ሦስት መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ተሳቢውም ቢሆን የመኪናው ቅጥያ ተደርጎ አይቆጠርም፤ የራሱ ታርጋ፣ የራሱ ሊብሬ፣ የራሱ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ አለው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሳቢን በራሱ እንደሚመዘገብ ተሽከርካሪ ነው የሚያየው። ብዙ ሰው ይህን የሚያስተውለው አደጋ ደርሶ ዜናው ሁለት ታርጋ ሲጠራ ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የጂኦሜትሪክ ዲዛይን ማኑዋል ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ አለ። መሐንዲሱ መንገድ ከመንደፉ በፊት በዚያ መንገድ ላይ የሚሄደውን መኪና በሐሳቡ መሣል አለበት፤ ሠንጠረዡ የሚሰጠው ያንን መኪና ነው። ከሠንጠረዡ ትልቁ፣ ግማሽ ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና ነው። ርዝመቱ 16.7 ሜትር፣ ስፋቱ 2.6 ሜትር፣ ከፍታው 4.1 ሜትር፣ ለመዞር የሚያስፈልገው ትንሹ ሬዲየስ 13.7 ሜትር። በዚያ ማኑዋል የኩርባው ስፋት፣ የመስቀለኛ መንገዱ ጥግ፣ የሌይኑ ወርድ ከዚህ መኪና ነበር የሚቀዳው። ስለዚህ የመጠን ሕግ ሲባል የመኪናውን ነፃነት ለመገደብ የወጣ ቁጥር አድርጎ ማሰቡ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ልኩ የመንገዱ ነው። 16.7 ሜትር ታስቦ በተሠራ ኩርባ ላይ 20 ሜትር ሲገባ ትርፉ የሆነ ቦታ መውደቅ አለበት፤ የሚወድቀውም በተቃራኒው ሌይን ላይ፣ በእግረኛው ጠርዝ ላይ ወይም በባለጋሪው ላይ ነው።

ስፋቱን እንየው። ባለ ሁለት ሌይን ዋና መንገድ 7 ሜትር ቢሆን ለአንዱ 3.5 ሜትር ይደርሰዋል። 2.6 ሜትር የሚሰፋ መኪና መሃል ለመሃል ቢሄድ በየጎኑ የሚተርፈው 45 ሳንቲ ሜትር ነው። የጎን መስታወቱ ከዚያ ላይ ይቀንሳል። በስፖንዳው በኩል ሸራው ተነፍቶ የወጣ ጆንያ ካለ ደግሞ ምንም አይተርፍም። ቡታጅራ ውስጥ ከዚህ ጎን የሚሄደው ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ነው። ጋሪው ራሱ ተሳቢ ነው፤ ፍሬን የሌለው፣ የኋላ መብራት የሌለው፣ ጎማው ከአሮጌ መኪና የተወሰደ ተሳቢ። ፈረሱ ከጡሩምባ ይልቅ የአየር ፍሬን ሲተነፍስ የሚያሰማውን "ፒሽሽ" ይፈራል። ባለጋሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ትልቅ መኪና አጠገባቸው ሲቆም ልጓሙን ያሳጥራሉ።

ከፍታው ላይ የሚመጣው ጣጣ ደግሞ ከጭነቱ ዓይነት ጋር ይያያዛል። የቡታጅራ ጎረቤት የሆነው የማረቆ በርበሬ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። ደረቅ በርበሬ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም። ካሶኒው ሞልቶ ጆንያው ከስፖንዳው በላይ ሁለት ሦስት ድርድር ወጥቶ እንኳ መኪናው ሊይዝ የሚችለውን ክብደት ገና አልነካም። የበርበሬ ጫኝ መኪና የሚጥሰው ሕግ የክብደቱን ሳይሆን የመጠኑን ነው። ሲሚንቶ ወይም አሸዋ የጫነው ተቃራኒው ነው፤ ካሶኒው ግማሽ ሳይሞላ ክብደቱ ያልፋል፣ ከሩቅ ለሚያየው ግን ባዶ ይመስላል። በዓይን ብቻ የሚቆጣጠር ትራፊክ ፖሊስ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ሊለቅ ይችላል።

በርበሬው ቀላል ነው ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። መኪና ኩርባ ላይ የሚገለበጥበት ፍጥነት የሚወሰነው በጎማዎቹ መካከል ባለው ስፋትና የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ባለው ከፍታ ነው። ስፋቱ አይቀየርም። ማዕከሉ ግን ከ1.5 ሜትር ወደ 2.2 ሜትር ከፍ ቢል የመገልበጥ መቋቋሚያው በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ሾፌሩ ትናንት በዚያው ኩርባ በዚያው ፍጥነት በሰላም አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ግን የጫነው ሲሚንቶ ነበር።

መስቀል ሲደርስ ይህ ወደ ላይ የመከመር ነገር ወደ ሕዝብ መኪናው ይዛመታል። መስከረም 17ን አገር ቤት ለማክበር ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከአዳማ የሚወጣው የጉራጌ ተወላጅ ባዶ እጁን አይሄድም። የቅጥቅጡ ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ ሳጥን፣ ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ወንበር ይከመራል። ላይ የወጣው ረዳት ገመዱን በጉልበቱ እየረገጠ ያጠብቃል፤ ታች የቆመችው እናት "ልጄ፣ የእኔን ከሥር አታርገው" ትላለች፤ እሱ ደግሞ የሁሉም ከላይ ሊሆን እንደማይችል አያስረዳትም፤ "እሺ እማማ" ብሎ ያስረዋል። ያን ሰሞን ጣሪያውን በሜትር የሚለካ ማን አለ? የኤሌክትሪክ ሽቦው ነው የሚለካው።

ከሁሉ በላይ የመጠን ሕግን ጉዳይ የሚያሳየኝ ግን አጠና የጫነ አይሱዙ ነው። ባህር ዛፍ ለጉራጌ ገበሬ የባንክ ደብተሩ ነው፤ በእዣ፣ በቸሃ፣ በመስቃን ጓሮ ያደገው ዛፍ ተቆርጦ፣ ተልጦ ለአዲስ አበባ ግንባታ መወጣጫ ይሆናል። እንጨቱ ከካሶኒው ይረዝማል። ስለዚህ የኋላ ስፖንዳው ይወርድና ጫፉ ወደ ኋላ ይወጣል፤ አንዳንዴም የፊተኛው ጫፍ ከጋቢናው በላይ ይሾላል። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ይህ ጨርቅ ለጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው ዓለም አቀፉ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ጭነት ከተሽከርካሪው ፊት ወይም ኋላ ከአንድ ሜትር በላይ ከወጣ ምልክት እንዲደረግበት፣ በሌሊት ከኋላው ቀይ መብራት እንዲኖረው ይደነግጋል። ጨርቁ ቀን ይሠራል፤ ሌሊት ከኋላ ለሚመጣ ሞተር ሳይክል ግን የለም ማለት ነው።

የወጣ ጭነት ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ከኋላ አክስል ወዲያ የተንጠለጠለው ክብደት የመኪናውን ፊት ያነሳል። የፊት ጎማው መሬቱን የሚጫንበት ኃይል ሲቀንስ መሪው ይቀላል፤ ዳገት ላይ ሾፌሩ መሪውን ያዞራል፣ መኪናው ግን ለመታዘዝ ይዘገያል። ሁለተኛ፣ መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጭራው ወደ ግራ ይወረወራል። የተሳቢው ጎማ ወደ ውስጥ ይቆርጣል ብለናል፤ የአጠናው ጫፍ ግን ወደ ውጭ ነው የሚመታው። ከጎን የቆመ ሰው መኪናው እየራቀው መስሎት ይዘናጋል። አጠና የጫነ መኪና የገበያ ግርግር ውስጥ ሲታጠፍ በሰው ፊት ቁመት ላይ የሚያልፈውን የእንጨት ጫፍ ያየ ሰው የሕጉ አንድ ሜትር ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

የአርማታ ብረቱ፣ ፌሮው፣ ለዚህ መላ አለው። ከፋብሪካ ሲወጣ 12 ሜትር ነው። ወደ ከተማዎቹ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ ታጥፎ 6 ሜትር ሆኖ ነው። ብረቱን ያጠፈው የካሶኒው ልክ ነው። ግንባታው ቦታ ሲደርስ ተመልሶ ይቃናል፤ የታጠፈበት ቦታ ጥንካሬው ስለሚጎዳ መሐንዲሶች አይወዱትም፤ ብዙ ጊዜ ቆርጠው ይጥሉታል። አጠና ግን አይታጠፍም።

እስካሁን ስለ ሜትር ነው ያወራነው። ቶኑም የዚሁ የልክ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ለፊት አክስል 8 ቶን፣ ለነጠላ የኋላ አክስል 10 ቶን የሚለው ወሰን በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ለሙከራ የተሠሩ መንገዶች ላይ ወታደሮች የጭነት መኪናዎችን ሌት ተቀን ያመላልሱ ነበር፤ መንገዱ እስኪፈርስ። ከዚያ የተገኘው ውጤት የዓለምን መንገድ ሥራ ቀየረ። አንድ አክስል በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በአራተኛ ደረጃ ነው የሚያድገው። 10 ቶን መሸከም የሚገባው አክስል 13 ቶን ሲጫንበት ጭነቱ በ30 በመቶ ነው የጨመረው፤ ጉዳቱ ግን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በሌላ በኩል አንድ ቶን የምትመዝን የቤት መኪና በአንድ አክስሏ ግማሽ ቶን ታሳርፋለች። በዚሁ ስሌት የ10 ቶኑ አክስል የእሷን 160,000 እጥፍ ይጎዳል። መንገዱ በክረምት ለምን እንደሚቦረቦር ሲነሳ የታክሲውን ብዛት የሚያነሳ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ቁጥር እነግረዋለሁ፤ አያምነኝም።

ለዚህ ነው ተሳቢ ራሱ ለመንገድ ጠላት ያልሆነው። ባለ ተሳቢ መኪና እስከ 400 ኩንታል ይዞ፣ ክብደቱን በአምስትና በስድስት አክስል ካከፋፈለ፣ በሁለት አክስል ላይ ከመጠን በላይ ከተጫነ ትንሽ መኪና ይልቅ ለአስፋልቱ ይራራል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2013 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት የጋራ ሕግ ነጠላውን 10፣ ጥንዱን 18፣ ሦስቱን በአንድ ላይ 24 ቶን አድርጎ አጠቃላዩን በ56 ቶን የገደበው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ጥያቄው ስንት ተጫነ ብቻ አይደለም፤ ስንት እግር ተሸከመው ነው።

የወልቂጤ ሾፌር ግን ከቶኑም ከሜትሩም በላይ የሚያስበው ቁልቁለቱን ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። ወደ ጅማ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የጊቤ ወንዝ ድልድይ ላይ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል። 50 ቶን የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ1,200 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይበሉታል፤ የቀረውን ሞተሩና ፍሬኑ መዋጥ አለባቸው። ሾፌሩ ፍሬኑን ብቻ ካመነ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አይይዝም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሶ፣ በሞተር እየያዘ ይወርዳል። ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር እስካሁን የተሻለ የተገኘለት አይደለም።

ተሳቢው ባለበት ጊዜ ሌላ ነገር ይጨመራል። በመኪናውና በተሳቢው መካከል የተንጠለጠሉትን ሁለት የአየር ቱቦዎች አይታችሁ ይሆናል፤ አንዱ ብዙውን ጊዜ ቀይ፣ ሌላው ቢጫ ነው። በቀዩ የሚያልፈው አየር ሳይቋረጥ የተሳቢውን ጋን ይሞላል፤ ከተበጠሰ ተሳቢው በራሱ ፍሬን ይይዛል። ቢጫው ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ትእዛዙን የሚያደርስ ነው። ይህኛው ከተዘጋ ወይም ካልተገጠመ መኪናው ሲቆም ተሳቢው አይቆምም። ከኋላ ይገፋል። መንገዱ እርጥብ ከሆነ መኪናው መሃል ላይ ይታጠፋል። ረዳቱ ከመነሳታቸው በፊት ቱቦዎቹን ገጥሞ፣ የመጎተቻውን ፒን መቆለፉን በእግሩ መትቶ አረጋግጦ፣ ሰንሰለቱን ማሰሩ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በየከተማው የሚታየው በገመድ መጎተትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ማንም መጎተት ብሎ አይቆጥረውም እንጂ። የተበላሸ አይሱዙ በወፍራም ገመድ ታስሮ ሲጎተት ሁለት መኪና አንድ ረጅም መኪና ሆኗል። የተጎታቹ ሞተር ጠፍቶ ከሆነ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ አየር ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። ቡታጅራ መሃል አህያ ብትሻገር የፊተኛው ይቆማል፤ የኋለኛው በምን ይቆማል? ሞተሩ የጠፋን ከባድ መኪና በብረት ዘንግ መጎተት የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ዘንጉ አይላላም፣ የኋለኛውም ወደ ፊተኛው አይገባም።

ተሳቢ ይቅርና በግማሽ ተሳቢ ይተካ የሚለው ክርክር በአገራችን ዓመታት አስቆጥሯል። የከልካዮቹ ምክንያት ሁለቱ እጥፋት ናቸው። ሾፌሩ መሪውን በድንገት ሲያንቀሳቅስ ጋቢናው ትንሽ ይወዛወዛል፤ የተሳቢው ጭራ ዘንድ ሲደርስ ግን ያው ውዝዋዜ አድጎ ነው። የባለንብረቱም መልስ ቀላል አይደለም። ተሳቢውን ፈትቶ መኪናውን ብቻ ይዞ አነስተኛ ሥራ መሥራት ይችላል፤ ሴሚ ግን ያለ ግማሽ ተሳቢው ጋቢና ብቻ ነው። ደግሞም ተሳቢ አገር ውስጥ ይሠራል፤ የመቀሌው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ከታወቁት ሠሪዎች አንዱ ነው። እኔ የከልካዮቹ ወገን ነኝ፣ ግን ባለ አንድ መኪና ባለንብረትን በአንድ መመሪያ ከሥራ ማስወጣት ፍትሕ አይመስለኝም። ለነገሩ ሴሚም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ጀርባው ላይ የሚጫነው አካል ረጅም፣ እጥፋቱም አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከተማ ውስጥ ሲታጠፍ ከተሳቢው የበለጠ ወደ ውስጥ ይቆርጣል።

በእነዚህ መንገዶች ላይ ልክ ስለማክበር ሲነገር የአካባቢው ሰው ከሌላው የበለጠ የመቆርቆር መብት አለው። በ1950ዎቹ የጉራጌና የጎረቤት አካባቢ ተወላጆች ገንዘብ እያዋጡ ከዓለም ገና እስከ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቁመው ነበር። ኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ የልማት ድርጅት የሆነው ተቋምም ሥሩ የመንገድ ሥራ ድርጅት ነው። በዚያ ዘመን በጠጠሩ ላይ የሚሄደው ኤን ትሬ የሚባለው የፊያት ጭነት መኪና ነበር። ያ መንገድ 400 ኩንታል ይሸከማል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሌላው ዓለም የልክን ነገር እንዴት እንደያዘው ማየቱ አይከፋም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ የጭነት መኪና ብቻውን 12 ሜትር፣ ከግማሽ ተሳቢ ጋር 16.5፣ ከሙሉ ተሳቢ ጋር 18.75 ሜትር፤ ስፋቱ 2.55፣ ከፍታው 4 ሜትር ነው። እዚያ አገር ሰው ለእረፍት ሲወጣ ከቤት መኪናው ጀርባ የሚጎትታት አልጋና ምድጃ ያላት ካራቫን እንኳ ከልክ አታመልጥም። በብሪታንያ ክብደቱ ከ3.5 ቶን የማይበልጥ መኪና የሚጎትታት ካራቫን ያለ መጎተቻዋ ከ7 ሜትር መርዘም፣ ከ2.55 ሜትር መስፋት አትችልም። የእኛ አገር ሰው ካራቫን የሚያውቀው በመንገድ ሥራ ካምፕ ነው፤ በጎማ ላይ የቆመ ቢሮ ወይም የመሐንዲሱ መኝታ፣ በፒክአፕ ተጎትቶ ከካምፕ ካምፕ የሚዞር። ፒክአፑ ይጎትተዋል ማለት ግን ያቆመዋል ማለት አይደለም።

አሜሪካ ሄደው የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። እነሱ የሚጎትቱት ባለ 53 ጫማ ግማሽ ተሳቢ ብቻውን 16.15 ሜትር ነው፤ የእኛ ማኑዋል ለመኪናው ከነተሳቢው ከሰጠው 16.7 ሜትር ብዙም አያንስም። ርዝመቱ ይህን ያህል ሆኖ ክብደቱ ግን ከእኛ ያነሰ ነው። የፌዴራሉ ሕግ መኪናውንም ተሳቢውንም ጭነቱንም ጨምሮ በ80,000 ፓውንድ፣ ማለትም በ36.3 ቶን ይገድበዋል፤ ጥንድ አክስል ከ34,000 ፓውንድ፣ ከ15.4 ቶን በላይ አይሸከምም። እዚያ የሠራ ሰው ለመስቀል መጥቶ የወልቂጤን መንገድ ሲያይ መጀመሪያ የሚገርመው ርዝመቱ ሳይሆን ጎማው ነው፤ ከጭነቱ ብዛት ሆዱ መሬት የነካ ጎማ።

የኮንቴይነሩን ስሌት ሳልጠቅስ አላልፍም። የተለመደው ኮንቴይነር ስፋቱ 2.44፣ ከፍታው 2.59 ሜትር ነው። ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ባለ ተሳቢ ላይ ሲቀመጥ ጠቅላላው 4.09 ሜትር ይሆናል፤ ከማኑዋሉ 4.1 ሜትር ጋር ገጠመ። ረጅሙ ዓይነት ግን 2.9 ሜትር ስለሆነ 4.4 ሜትር ላይ ይወጣል። እሱን በዝቅተኛው ሎቤድ መጫን መላ ነው። ሎቤድ ራሱ ደግሞ ከልክ በላይ ለሆነ ጭነት የተሠራ ነው። ምላጩ እንደተገጠመ አንድ ትልቅ ዶዘር ወደ 4 ሜትር ይሰፋል፤ በ3.5 ሜትር ሌይን ላይ ማለት ነው። ይህን የሚያጓጉዝ ሰው ልዩ ፈቃድ አውጥቶ፣ ከፊት ከኋላ አጃቢ መኪና መብራት እያበራ ይሄዳል፤ ወይም ምላጩን ፈትቶ ለብቻ ይጭናል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው።

የሚቀረው ማን ይቆጣጠራል የሚለው ነው። የመንገዶች አስተዳደር፣ የቀድሞው ባለሥልጣን፣ እንደ ሞጆ ባሉ ቦታዎች ሚዛን አለው፤ ሚዛኑ ግን የሚያነበው ቶን ነው። የአጠናውን ጭራ፣ የበርበሬውን ቁልል፣ የቅጥቅጡን ጣሪያ የሚለካው ባለ አሥር ሜትር መለኪያ ነው። በየከተማው መግቢያ በአንድ የስልክ እንጨት ላይ በ4.1 ሜትር ከፍታ ቀይ ቀለም ቢቀባ እንኳ ሾፌሩ ራሱ አይቶ ይፈርድ ነበር።

ደግሞ ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ልማድ ሆኗል። ሲኖትራኩን "ቀይ ሽብር"፣ አይሱዙውን "አልቃይዳ" ብሎ የሰየመው የከተማ ቀልድ ከመሪው ጀርባ ያለውን ሰው ነው የሚያየው። ጭነቱን በኩንታል የሚከፍለው ነጋዴ፣ "ትንሽ ጨምርበት" የሚለው ደላላ፣ ካሶኒውን አስረዝሞ ያስበየደው ባለንብረት በቀልዱ ውስጥ የሉም። መኪናው ሚዛን ላይ ወጥቶ አጠቃላይ ክብደቱ ደህና፣ የኋላ አክስሉ ግን በላይ ሆኖ ሲገኝ አሜሪካ ያለው ሾፌር የተሳቢውን አክስል ከነጎማው በሐዲዱ ላይ አንሸራቶ ክብደቱን ወደ ፊት ያመጣል። እዚህ ግን ሸራው ይፈታል፣ ጫኝና አውራጆቹ ይወጣሉ፣ ጆንያው አንድ በአንድ ከኋላ ወደ ፊት ይተላለፋል፤ ዋጋው ይከራከራል፤ ብዙውን ጊዜም የሚከፍለው ሾፌሩ ከአበሉ ነው።